ከሦስት መቶ ቃል ሳይበልጥ

ከጀልባው ወደብ ፊት፣ ከጎማ ጠጋኝ ጎን፣
ገጹን በሃያ ብር እጽፋለሁ ችግርን።
እድሩ ያውቀኛል፣ ቁጠባ ማኅበሩ፣
እንቦጭ የሚነቅሉ፣ ዓሣ የሚያሰግሩ፤
«ጥሪ ወጥቷል!» ሲባል ይመጣሉ ሮጠው፣
ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አንድ ሌሊት ሲቀረው።

የሰጪን አፍ አውቃለሁ፤ «ራበን» አይባልም፣
«የምግብ ዋስትና ክፍተት» ካላሉት አይታይም።
የለቅሶ ድንኳኑ ቢያረጅና ቢያፈስ፣
«ማኅበራዊ ትስስርን በአዲስ መልክ ማደስ»፤
የጉድጓዱ ገመድ ቢበጠስ በድንገት፣
«የመሠረተ ልማት ተጋላጭነት»።
እየሳቅሁ እጽፋለሁ። ደግሞ አንዳንዴ ሳልስቅ።
ያገኙም አሉ፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አዲስ፣ ሰማያዊ ጨርቅ።

ሐሙስ ዕለት ማታ፣ ካፊያው ሳያባራ፣
አያ እንየው መጡ ከደቅ፣ ከትርንጎ ጋራ።
እሳቸው ሊቀመንበር፣ እሷ ገንዘብ ያዥ ናት፤
ማኅተሙን በመሐረብ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላው ከእርጥበት።
የጀልባ ሞተር ነው የሚሹት፤ ሌላ አይደለም፤
ምጥ የጠናባት ሴት በመቅዘፊያ አትደርስም።

«ችግሩን ግለጹ፣ ከሦስት መቶ ቃል ሳይበልጥ»
ይላል ቅጹ። ሽማግሌው ጀመሩ፣ የእኔ እጅ ሲሮጥ፦
ባንቺአምላክ ደሳለ። የሃያ ሁለት ዓመት።
በነሐሴ፣ ሌሊት፣ ነፋሱ በጠናበት።
አራት ቀዛፊዎች፣ ስማቸው ከነአባታቸው፤
ጨረቃዋ መቼ እንደገባች፤ ማን እንደጸለየላቸው፤
የማን ነጠላ በማን ትከሻ እንደነበር፤
የባሕር ዳር መብራት ሲታይ፣ ሲታይ፣ ሳይቀርብ ሲቀር።

እዚህ ላይ ዝም አሉ።
ቆጠርኩ፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቃል።
«አባቴ፣ ይበዛል፤ ጥቂት መቁረጥ ይሻል።»

ጨረቃዋን ቆረጥኩ። ነጠላውን ቆረጥኩ።
አራቱን ቀዛፊ «ማኅበረሰቡ» አልኩ።
ባንቺአምላክን (ልማድ ነው) «አንዲት እናት» አደረግሁ፣
«የእናቶች ሞት ምጣኔ» ከሚለው ሥር ሸሸግሁ።
«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ።
«ባንቺአምላክ የታለች?»
«አለች አባቴ፤ ቁጥሩ ውስጥ ገብታለች።»
መልስ አልሰጡኝም። ባርኔጣቸውን አውልቀው
ውሃው ከጠርዙ ላይ ጠብ ጠብ ሲል አዩት፣ ዝም ብለው።

ቅጹ ግን አያዝንም፤ ወረደ ወደ ታች፦
«የሦስት ዓመት ኦዲት።» ትርንጎ ደብተሯን ዘረጋች፤
አሥር ብር፣ አምስት ብር፣ ፊርማው የጣት አሻራ፤
«አንድ ዶሮ፣ በዓይነት»፣ ከሰጪዋ ስም ጋራ።
«ዘላቂነት፦ ድጋፉ ሲያበቃ ምን ታቅዷል?»
ትርንጎ ሳቀች። «ሳይመጣስ ማን ቀዝፏል?»

ጻፍኩት እንዳለችው፣ ሳላሽሞነሙነው።
ከዚያ መብራት ጠፋ፤ አራት ሰዓት ነው።
ከፀጉር አስተካካዩ ጀነሬተር ገመድ ስቤ፣
ወደ ላይ ተመለስኩ፣ ሌላ ነገር አስቤ፦
«አካታች»ን ሰረዝኩ። «የተቀናጀ»ንም።
(ምን ማለት እንደሆኑ እኔ እንኳ አላውቅም።)
ሁለት ቃል ተረፈኝ። እሷን መለስኩበት፤
ባንቺአምላክ ደሳለ፣ ከመስመሩ አናት።
ልክ ሦስት መቶ ሆነ።

ላክን። ክቡ ይዞር ጀመረ፤ ዞረ፤ ዞረ፤
ለስድስት ሩብ ጉዳይ «ደርሷል» የሚል ሰፈረ።

አሥራ አንድ ገጽ ነው። «ተዉት» አልኩ፣ «አልቀበልም።»
«እንዴ!» አለች ትርንጎ፣ «ይሄማ አይሆንም፤
ኦዲት ይጠይቃሉ ብለሽን የለም ወይ?
ደረሰኝ ቁረጪ፤ ወጪው እንዲታይ።»
ቆረጥኩ። «የተከፈለበት ምክንያት» ሲል መስመሩ፣
«ለጽሕፈት» አልኩ። እነሱም ወደ ወደቡ ዞሩ፣
እዚያው ሊያድሩ፣ ነፋስ ሳይነሣ ሊቀዝፉ።

መልስ እስካሁን የለም። ትርንጎ ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች፤
ስለ ገንዘቡ አይደለም፤
«ነፋሱ በናንተ በኩል እንዴት ነው?» ትላለች።